አንድ ኪሎ ሸራ

ተጠራጣሪው፦ ለአንድ ቀን የተራራ ጉዞ ውሃ ያዙ፣ ቆሎ ያዙ፣ የዝናብ ልብስ ያዙ ማለትሽ ይገባኛል። ሸራ ግን ምን ሊያደርግ ነው? ማታ ሁሉም እቤቱ ገብቶ አይደለም እንዴ የሚተኛው?

ባለሸራዋ፦ ሁሉም እቤቱ የሚገባበት ቀን አያሳስበኝም፣ ጋሼ። የሚያሳስበኝ የማይገባበት ነው። ሰዓቱ ዘጠኝ ሆኗል፤ አንዱ ቁርጭምጭሚቱ ዞሮበታል፤ መኪናው የቆመው የሦስት ሰዓት መንገድ ርቆ ነው፤ ሰማዩ ጠቁሯል። ድንኳን የያዘ የለም፤ ለቀን ጉዞ ማን ድንኳን ይሸከማል? ያን ጊዜ ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር የሆነ ሸራና ጥቂት ገመድ የያዘ ቡድን፣ ካልያዘው ጋር እኩል አያድርም።

ተጠራጣሪው፦ እኩል አያድርም ማለትሽ ልክ ነው። የትኛው ይሻላል በሚለው ላይ ግን ገና አልተስማማንም። ሸራ ያልያዘው ቡድን ምን ያደርጋል መሰለሽ? ቁልቁል ይወርዳል። ጭስ ካየበት ቤት ደጅ ቆሞ «የመሸብን የእግዜር እንግዶች ነን» ይላል። የእኛ ደጋ ባዶ አገር አይደለም፤ ገብስ በሚበቅልበት ሁሉ ሰው አለ። ውሻው ይጮኻል፣ ባለቤቱ ይወጣል፣ ምድጃ ዳር ትቀመጫለሽ። ሸራ የያዘው ግን «መጠለያ አለን» ብሎ እዚያው ነፋስ ላይ ይሰፍራል።

ባለሸራዋ፦ ቁርጭምጭሚቱ የዞረበትንስ ሰው?

ተጠራጣሪው፦ በቃሬዛ ነዋ።

ባለሸራዋ፦ ከምን የተሠራ ቃሬዛ?

ተጠራጣሪው፦ ከሸራ ልትዪኝ ነው።

ባለሸራዋ፦ ከሁለት ዱላና ከአንድ ሸራ። ሸራውን በሁለቱ ዱላዎች ላይ ከግራም ከቀኝም አጥፈው ሲደርቡት፣ የተኛው ሰው ክብደት ራሱ እጥፋቱን ይይዘዋል። መስፋት የለ፣ ማሰር የለ።

ተጠራጣሪው፦ የትኛው ሸራ? ነገሩ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። ሰው የሚሸከምበት ሸራ ወፍራም ነው፤ ወፍራሙን ደግሞ ለቀን ጉዞ ማንም አይዝልሽም። የሚይዙልሽ ቀጭኑን ነው፤ እሱ ደግሞ ሰውዬውን መንገድ ላይ ይጥለዋል። አንድ ዕቃ ጣሪያም፣ ቃሬዛም፣ ምንጣፍም ይሆናል ሲሉኝ እኔ እጠረጥራለሁ። ሁሉን እችላለሁ የሚል ሠራተኛ ምን እንደሚሠራ ታውቂያለሽ።

ባለሸራዋ፦ መምረጥ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው። ለተፈናቃይ የሚታደለውን ያውቁታል፤ አራት ሜትር በአምስት ሜትር የሆነው፣ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን አርማ ያለበት። በካሬ ሜትር 200 ግራም ገደማ ስለሚመዝን አንዱ ብቻውን ወደ 4 ኪሎ ይጠጋል። የተሠራው ቤተሰብ ወራት እንዲኖርበት ነውና ይችላል፤ ጀርባ ላይ ግን ይከብዳል። ገበያ ላይ ያለው ቀለል ያለ ሰማያዊ ሸራ ክብደቱ የዚያን ግማሽ ያህል ነው፤ ሦስት በሦስቱ አንድ ኪሎ አካባቢ ይመጣል። ከዚያ ደግሞ ሲሊኮን የተቀባ ናይሎን አለ፤ በዚያው ስፋት ግማሽ ኪሎ ገደማ ቢመዝን ነው፣ ሲታጠፍ ደግሞ ከውሃ ኮዳ አይበልጥም። እሱን ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ነው።

ተጠራጣሪው፦ አንቺስ የትኛውን ነው የምታሲዢው?

ባለሸራዋ፦ አንድ ኪሎውን። ሰማያዊ፤ ብርቱካናማ ከተገኘ ደግሞ እሱ ይበልጣል፣ ፈላጊ ከሩቅ ያየዋል። ናይሎኑ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ሲረጥብ ይለጠጣል። ማታ ወጥረው የተኙት ሌሊት ይረግብና መሐሉ ላይ ውሃ ይቋጥራል፤ በጨለማ ተነስቶ እንደገና ማጥበቅ ነው። ሰማያዊው ላስቲክ ይህ ጠባይ የለበትም። ከዚህም ይልቅ ርካሽ ነው፤ ሰው አይሳሳለትም። ለምሳ ያነጥፈዋል፣ ካፊያ ሲመጣ ዘርግቶ ይይዘዋል፣ ጭቃ ቢነካው አይቆጨውም። የሚሳሱለት ዕቃ ከቦርሳ አይወጣም፤ ከቦርሳ ያልወጣ ዕቃ ደግሞ በክፉ ቀን ባዳ ነው።

ተጠራጣሪው፦ ጥግ ጥጉ ላይ ያለው ቀለበት ግን በመጀመሪያው ነፋስ ነው የሚነቀለው።

ባለሸራዋ፦ ቀለበቱን ይርሱት። ለስለስ ያለ ጠጠር ያነሳሉ፤ ከሸራው ጠርዝ ገባ አድርገው ከስር ይይዙታል፤ ሸራውን በጠጠሩ ላይ ጠቅልለው አንገቱን በሲባጎ ያስሩታል። ከዚያ በኋላ ገመዱ የሚጎትተው አንዲት ቀዳዳን አይደለም፤ እስሩን ያቀፈውን ሸራ በሙሉ ነው። በፈለጉት ቦታ፣ በፈለጉት ቁጥር ማሰር ይቻላል።

ተጠራጣሪው፦ ይህ ጥሩ ነው። ማን አስተማረሽ? ኢንተርኔት ነው?

ባለሸራዋ፦ ጉልት የምትሸጥ ሴት ናት። ፀሐይ መከላከያዋን ስትወጥር አይቼ።

ተጠራጣሪው፦ የጉልቷን ሴት ነፋስ እና የጨነቅን ነፋስ አንድ አታድርጊው። ጨነቅ የሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ 3,620 ሜትር ላይ ነው፤ ከዚያ ወደ ቧሂት ስትወጪ 4,400 ሜትር ታልፊያለሽ። አስታው ወደኋላ ቀርቷል፤ ከፊትሽ ያለው ጅብራና ሣር ነው። ገመድሽን ምን ላይ ልታስሪው ነው?

ባለሸራዋ፦ ዱላ ላይ። ሁሉም ዱላ ይዟል፣ ድንጋይም ሞልቷል።

ተጠራጣሪው፦ ቁጥር ልንገርሽ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ሦስት በሦስት የሆነ ሸራን ፊት ለፊት ቢመታው፣ የሚያሳርፍበት ግፊት ከ100 ኪሎ ሸክም አያንስም። የነፋሱ ፍጥነት በግማሽ ቢቀንስ ግፊቱ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ያም ቢሆን ከ25 ኪሎ አያንስም። ይህን ነው በሲባጎና በዱላ የምትይዢው?

ባለሸራዋ፦ «ፊት ለፊት ቢመታው» ነው ያሉት። ለምን ፊት ለፊት ይመታዋል? ሰው ሸራ ሲዘረጋ ቤት መሥራት ያምረዋል፤ ቆሞ የሚገባበት፣ በር ያለው ነገር። ነፋስ ላይ ያ አይሆንም። ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያለው ጠርዝ መሬት ላይ ይነጠፍና ድንጋይ በላይ በላዩ ይጫንበታል። ተቃራኒው ጠርዝ ብቻ በአጭር ዱላ ይነሳል፤ ከወገብ በታች፣ ነፋሱ ከበረታ ከጉልበት እምብዛም ሳያልፍ። ነፋሱ ሽቅብ ተንሸራቶ በላዩ ያልፋል። ሰው ተጎንብሶ፣ ተጠጋግቶ ይገባበታል። ሲያዩት ያሳፍራል፤ ፎቶ የሚነሳ አይደለም።

ተጠራጣሪው፦ ተራራ ላይ ነፋስ ይዞራል። ከአፋፉ የወጣው ተመልሶ ከጀርባሽ ይመጣል።

ባለሸራዋ፦ ከዞረ ዱላውን እናነሳለን። ሸራውን በላያችን ላይ ጥለን ጠርዙን ከመቀመጫችን ስር እንጎትተዋለን።

ተጠራጣሪው፦ አየሽ፣ ራስሽ መጣሽልኝ! ሲብስ ሸራሽን ከረጢት ልታደርጊው ነው። ታዲያ ከመጀመሪያው ከረጢት ለምን አትይዢም? በስኮትላንድ ተራሮች ሰው የሚመሩ ሰዎች የሚይዙት እሱን ነው። ከስስ ናይሎን የተሰፋ ትልቅ ከረጢት ነው፤ ምሰሶ የለው፣ ካስማ የለው፣ ገመድ የለው። አራት ሰው ክብ ሠርቶ ራሱ ላይ ይደፋዋል፣ ጠርዙ ላይ ይቀመጥበታል፣ በቃ። ለአራት ሰው የሚሆነው ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው። ትንፋሻቸው ወዲያው ውስጡን ያሞቀዋል። ቋጠሮ የሚያውቅ ሰው አያስፈልገውም፤ የነፋስ አቅጣጫ የሚያጠና አያስፈልገውም። የደነገጠ ሰው ሊሠራው የሚችል ነገር ይሄ ነው።

ባለሸራዋ፦ ከረጢቱን አልንቅም። ዝናብ እስኪያልፍ ለመቆያ፣ ተሰብስቦ ለመመካከሪያ፣ ከሸራ ይበልጣል። ይህን እቀበላለሁ። ሌሊቱ ሲመጣስ? ያው ያሞቃችሁ ትንፋሽ ወደ ውሃ ተለውጦ በጎኑ ይወርዳል፤ ልብስ ያረጥባል። የተጎዳው ሰው እግሩን ዘርግቶ መተኛት አይችልም። ዳር ላይ እሳት ማንደድ አይቻልም፣ ይቀልጣል። ሸራ ፊት ለፊቱ ክፍት ነው፤ ከፊቱ እሳት ቢነድ ሙቀቱ ይገባል፣ ጭሱና የከሰሉ መርዝ ይወጣል። በር ዘግተው ከሰል እየሞቁ ተኝተው ያልነቁ ሰዎች ታሪክ በየዓመቱ እንሰማ የለ?

ተጠራጣሪው፦ እሳቱን ከምን ልታነጂ ነው? ፓርክ ውስጥ ማገዶ መቁረጥ ክልክል ነው፤ ቢፈቀድስ በዶፍ የራሰ አስታ ማን ያቀጣጥላል? ይልቅ ሁላችሁም የምትዘነጉትን ልንገርሽ። ሁላችሁ ጣሪያ ጣሪያ ትላላችሁ። ተራራ ላይ ያደረ ሰው የሚያውቀው ግን መሬቱን ነው። ከላይ የሚመጣውን ቆብ ይመልሰዋል፤ ከታች ያለው ሌሊቱን ሙሉ ሲመጥጥሽ ይነጋል።

ባለሸራዋ፦ ስለዚህ ነው ሦስት በሦስት የምለው፣ ሁለት በሁለት የማልለው። ሲጠብ ግማሹ ስር ይገባል፣ ግማሹ ላይ ይቀራል። በሸራው ላይ ደግሞ ባዶ ቦርሳ፣ ገመድ፣ ሣር፣ የተገኘው ሁሉ ይነጠፋል። እያንዳንዱ ሰው አንድ ባዶ ማዳበሪያ ቢይዝ፣ በሣር ጠቅጥቆ ፍራሽ ያደርገዋል። የመንዝ ሰው ጓሳውን ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለፍራሽ ሲጠቀምበት የኖረ ነው፤ ሣሩ ውስጡ አየር ይይዛል፣ አየር ደግሞ ብርድ አያሳልፍም።

ተጠራጣሪው፦ የመንዝ ሰው ጓሳውን በፈለገው ቀን አያጭደውም። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሕግ አውጥቶ፣ ዓመታት ዘግቶ፣ በጊዜው ከፍቶ ነው የሚያጭደው። አንቺ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ሄደሽ ሃያ ሰው አስከትለሽ ልታጭጂ ነው?

ባለሸራዋ፦ ሰው እየሞተብኝ ከሆነ አጭዳለሁ፤ ጠዋት ሄጄ ለሽማግሌዎቹ እናገራለሁ፣ የሚሉኝንም እከፍላለሁ።

ተጠራጣሪው፦ ይሁን። ሣሩም በዝናብ ጊዜ የራሰ መሆኑን ግን አትርሺ። ውሃ ከአየር 25 እጥፍ ያህል ሙቀት ያሸሻል። የራሰ ፍራሽ ፍራሽ አይደለም።

ባለሸራዋ፦ ሸራው ቀድሞ የሚወጣውም ለዚህ ነው። ሰዎቼ የሚለብሱትን አይተዋል? ቱታ፣ ጂንስ፣ የጥጥ ሹራብ፣ ትከሻቸው ላይ ነጠላ። ጥጥ አንዴ ከራሰ አበቃለት። ባለ ሱፍ በርኖሱ ባላገር ዝናቡን ይችለዋል፤ የእኔ ሰዎች አይችሉትም። ከዚያ ሁሉ ልብስ ውስጥ አንዱ እንኳ ደረቅ ሆኖ የሚቆየው ዝናቡ ሲጀምር የሚገቡበት ነገር ካላቸው ነው። ሸራው ራሱ አያሞቅም፤ ይህን አውቃለሁ። ልብሱ ማሞቁን እንዳያቆም ያደርጋል።

ተጠራጣሪው፦ ይህ እስካሁን ካልሽው ሁሉ ጥሩው ነው። እንግዲያው ለሃያ ሰው ስንት ሸራ?

ባለሸራዋ፦ አምስት። ለአራት ሰው አንድ።

ተጠራጣሪው፦ ሲቀመጡ ነው ወይስ ሲተኙ?

ባለሸራዋ፦ ሲቀመጡ። የተጎዳው ይተኛል፤ ሌላው ተደጋግፎ ያድራል።

ተጠራጣሪው፦ ብልጭልጩን የድንገተኛ ብርድ ልብስስ ለምን አትይዢም? በኪስ ይገባል፣ ክብደቱ ከእንቁላል ብዙም አይበልጥ።

ባለሸራዋ፦ እየፈተኑኝ ነው?

ተጠራጣሪው፦ አዎ። ግንቦት 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ቻይና ውስጥ በጋንሱ ክፍለ ሀገር የ100 ኪሎ ሜትር የተራራ ሩጫ ነበር። 172 ሯጮች ተነሱ። ወደ እኩለ ቀን ዝናብ፣ በረዶና ኃይለኛ ነፋስ ወረደባቸውና 21 ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ የለበሱት ቁምጣና ስስ ካናቴራ ነበር፤ ነፋስ የሚከላከል ጃኬት ከግዴታ ዕቃዎቹ ውስጥ አልገባም። ብልጭልጩ ብርድ ልብስ ግን ነበራቸው። የተረፉት ሰዎች ነፋሱ ቀዳደደው አሉ። እንደ አንቺ ያለ አሰናጅ ወረቀት ላይ «የድንገተኛ መጠለያ ተይዟል» ብሎ ምልክት ሳያደርግበት አይቀርም።

ባለሸራዋ፦ ያ ነገር የተሠራው ለጠፈር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የአሜሪካው ናሳ ሲጠቀምበት ጠፈር ላይ ነፋስ አልነበረም። ከሰውነት በጨረራ የሚወጣውን ሙቀት ይመልሳል፤ በነፋስና በመሬት የሚሄደውን ግን እምብዛም አይመልስም። ደረቅ በሆነ ሰው ላይ፣ ነፋስ በሌለበት፣ ከሸራ ስር ቢሆን ይጠቅማል። ለብቻው መጠለያ ነው ማለት አይቻልም። የጋንሱው ነገር ታዲያ የእኔን ሸራ ምኑ ይቃወማል?

ተጠራጣሪው፦ ገና አልጨረስኩም። ከሯጮቹ ስድስቱን ያዳነው አንድ እረኛ ነው። ከዝናቡ ሊጠለል ወደሚያውቀው ዋሻ ገብቶ ነበር፤ ሯጮቹን አገኛቸው፣ አስገባቸው፣ እሳት አነደደላቸው፣ ብርድ ልብስ ደረበላቸው። እሱን የለየው ቦታውን ማወቁ ነው። እኔ የምልሽም ይህንኑ ነው። ለሸራ የምታወጪውን ልፋት መንገዱን አስቀድሞ ለማጥናት አውጪው። ዋሻው የት ነው? የመጨረሻው ቤት የት ነው? ከየትኛው ነጥብ በኋላ ነው መመለስ ከመቀጠል የሚረዝመው? ይህን የያዘ ሰው አንድ ኪሎ አይጨምርበትም።

ባለሸራዋ፦ እረኛው እኮ ዋሻው ውስጥ ብርድ ልብስና ማገዶ አስቀድሞ አስቀምጦ ነው የቆየው! ቦታ ማወቅ ብቻ አይደለም፤ ተዘጋጅቷል። ደግሞም የመጨረሻው ቤት አሉ። ግጭን ያውቁታል?

ተጠራጣሪው፦ አሳምሬ።

ባለሸራዋ፦ 3,600 ሜትር ላይ መንደር ነበር። ጉም የያዘው መንገደኛ ገብቶ ይሞቅበት ነበር። በ2008 ዓ.ም. ነዋሪዎቹ ወደ ደባርቅ ተዛወሩ፤ በማግሥቱ ዓመት ፓርኩ ዩኔስኮ በአደጋ ላይ ያሉትን ከሚያሰፍርበት መዝገብ ወጣ። ለዋልያው ጥሩ ነው፤ ለሣሩ ጥሩ ነው። የእግዜር እንግዳ ግን የሚያንኳኳው በር የለም። አባቶቻችን ሸራ ሳይዙ የሄዱት መንገዱ ላይ ሰው ስለነበረ ነው። እኛ የምንሄደው ሰው በሌለበት፣ ሰው የሌለበት ስለሆነም ደስ ብሎን ነው።

ተጠራጣሪው፦ የፓርኩ አጃቢ ስካውት አለ። ያለ ስካውት ፓርክ አትገቢም።

ባለሸራዋ፦ ስካውቱ ምን ይዞ እንደሚያድር አይተው ያውቃሉ? ጋቢውንና ላስቲኩን።

ተጠራጣሪው፦ ስካውቱ ላስቲኩን የት እንደሚያነጥፍ ያውቃል። ድንጋዩ ወደ ውጭ የተንጠለጠለበትን ጥግ ይመርጣል። ወራጅ ያለበት ቦይ ላይ አይተኛም። ጎድጓዳ ሜዳ ላይ አይተኛም፤ ብርድ ሌሊት ቁልቁል ወርዶ እዚያ እንደሚጠራቀም፣ ጠዋት ውርጩ እዚያ ነጭ ሆኖ እንደሚገኝ ያውቃል። መብረቅ ሲያጉረመርም ብቻውን ከቆመ ዛፍ ይርቃል፣ ከአፋፉ ይወርዳል። የአንቺ ሰው ሸራውን የሚዘረጋው የት ነው? ሜዳው ለጥ ባለበት፣ ሣሩ ለስላሳ በሆነበት፤ ማለትም ጎርፉ በሚተኛበት።

ባለሸራዋ፦ ይህ ሸራ አትያዙ የሚያስብል ነው ወይስ ቦታ መምረጥ አስተምሪ የሚያስብል?

ተጠራጣሪው፦ ሰው ዕቃ ሲገዛ ትምህርቱን የገዛ ይመስለዋል የሚያስብል ነው።

ባለሸራዋ፦ ዕቃው ከሌለስ ትምህርቱን በምን ይማራል? እኔ ሸራውን በየጉዞው ነው የማስወጣው። ምሳ የምንበላው ከስሩ ነው፤ ፀሐይ ቢሆንም። አንድ ቡድን ይዘረጋል፣ ሌላው ይታዘባል፣ ይስቃል። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ሣሩን አይተው ይናገራሉ። ሌላውን የአደጋ ዕቃ ሁሉ ያስቡት፤ ፊሽካውን፣ ፋሻውን፣ ብልጭልጩን። ክፉ ቀን እስኪመጣ ማንም አይነካቸውም። ሸራ ብቻ ነው በደህና ቀንም ሥራ ያለው።

ተጠራጣሪው፦ ጅቡንስ አስታዘብሻቸው? ሦስት ጎኑ ክፍት በሆነ ሸራ ስር የከተማ ልጅ የጅብ ድምፅ ሰምቶ እንቅልፍ አይወስደውም።

ባለሸራዋ፦ ባይወስደው ይሻላል፤ ተቀምጦ የሚያወራ ሰው እርስ በርሱ ይጠባበቃል። ደግሞ የድንኳን ጨርቅ ጅብ አይመልስም፤ አለማየት ብቻ ነው የሚሰጠው።

ተጠራጣሪው፦ አሳቅሽኝ። አሁን ግን ዋናውን ልበልሽ፤ ሌላውን ሁሉ መልሰሽልኛል፣ ወይም የመለስሽ ያህል ነው። የሰው ሙቀት 37 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከ35 ሲወርድ በሽታ ይባላል። ግን ከዚያ በፊት፣ ገና መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ ቀድሞ የሚከዳው ጣት ነው። ዚፕ መዝጋት ያቅታል። ሲባጎ መቋጠር ያቅታል። ቀጥሎ የሚከዳው አእምሮ ነው፤ ሰውዬው ያጉተመትማል፣ ይሰናከላል፣ «ደህና ነኝ» ይላል። መንቀጥቀጡ ሲያቆም ጓደኞቹ «ተሻለው» ይላሉ፤ ያን ጊዜ ወደ ሞት ተጠግቷል። አንቺ ያመጣሽልኝ መጠለያ ጠጠር መልቀም፣ መጠቅለል፣ ማሰር፣ ነፋስ ማጥናት፣ ድንጋይ መጫን ይፈልጋል። በጣትና በአእምሮ የሚሠራ ነው። ብርዱ ቀድሞ የሚወስደው ደግሞ እነዚያኑ ሁለቱን ነው።

ባለሸራዋ፦ ስለዚህ ጣት ሳይከዳ ነው መውጣት ያለበት።

ተጠራጣሪው፦ ማን ይወስናል? ሃያ ሰው ገንዘብ ከፍሏል። አውቶቡሱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይጠብቃል። ጫፉ ይታያል፤ ሁሌም ጫፉ ይታያል። «ትንሽ ነው የቀረን» የሚል አንድ ጎበዝ በየቡድኑ አለ። በዚያ ሰዓት «ቁጭ በሉ፣ ሸራ ዘርጉ» የሚል ማን ነው?

ባለሸራዋ፦ ጠዋት ከመነሳታችን በፊት እናገራለሁ። በረዶ ከጀመረ፣ ወይም ጉሙ የፊተኛውን ሰው ከኋለኛው ከሸፈነው፣ ወይም ስምንት ሰዓት ሆኖ ጫፉ ላይ ካልደረስን፣ እንቆማለን። ያን ጊዜ ክርክር የለም፤ ክርክሩ ጠዋት አልቋል።

ተጠራጣሪው፦ በልብስሽ ደርቀሽ፣ ቡና ጠጥተሽ የተናገርሽውን ነው በበረዶ የምትጠብቂው?

ባለሸራዋ፦ የምጠብቀው እኔ ብቻ አይደለሁም። ከሁሉ በፊት የበረደው ሰው ነው የሚያስቆመን። እሱ ካለ ማንም አይቀጥልም።

ተጠራጣሪው፦ የእኛ ሰው በረደኝ አይልም። ያፍራል። ጥርሱ እየተንገጫገጨ «ኧረ ምንም አይደል» ነው የሚለው። ሴቷ ወንዶቹ እንዳይስቁባት፣ ወንዱ ሴቶቹ እንዳያዩት።

ባለሸራዋ፦ ይህን እኔም አይቻለሁ። ስለዚህ አልጠይቅም፤ አዛለሁ። በየሰዓቱ ሁሉም አውራ ጣቱን ከትንሿ ጣቱ ያገናኛል፣ እንደ ጨዋታ። ያልቻለ ሰው ከተገኘ ሸራው ይወጣል። ማንም በረደኝ ማለት አይጠበቅበትም።

ተጠራጣሪው፦ እሺ። ጣቱ ያልተገናኘለት አንቺ ብትሆኚስ?

ባለሸራዋ፦ ሸራዎቹን የሚይዙት ሌሎች ናቸው። ምሳ ላይ የሚዘረጉትም እነሱ ናቸው።

ተጠራጣሪው፦ ምሳ ላይ ማንም አይንቀጠቀጥም።

ባለሸራዋ፦ እንግዲያው በዝናብ ቀን እናለማምዳቸዋ፣ ጋሼ። ሐምሌ ላይ፣ እንጦጦ፤ ከከተማው ሳንርቅ፣ መኪናው አጠገባችን ቆሞ።

ተጠራጣሪው፦ ሐምሌ ላይ እንጦጦ ማን ይመጣልሻል?

ባለሸራዋ፦ የመጣውን ነው ወደ ቧሂት የማወጣው። ያልመጣው ገንዘቡ ይመለስለታል።

ተጠራጣሪው፦ ስንቱ ይቀርልሻል በይ?

ባለሸራዋ፦ አንድ ሸራ የሚበቃቸው።